ሳጋር ወደ ጅቡቲ ሲገሰግስ ባሕር ዳር ላይ የተነሣው ክርክር

ግንቦት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ አንዲት ሴት የባሕር ዳር ሰዎች በሚገናኙበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄ ለጠፈች። ባለቤቷ የተሳቢ ሹፌር ነው። ባዶ መኪና ይዞ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ወርዷል። ከዚያ በሚሌ በኩል ጠረፉ ላይ፣ ጋላፊ ደርሷል። ጅቡቲ ገብቶ ማዳበሪያ ሊጭን ነው። እሷ ደግሞ ሳጋር የሚባል አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ እየገፋ መሆኑን በሬዲዮ ሰምታለች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ አውሎ ነፋስ የባሕሩን ዳርቻ ሲመታ የሚያስፈራው ምኑ ነው? ባለቤቷ ይግባ ወይስ ባለበት ይቁም? ሁለተኛውን የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ነው። ጣናም ይደርሳል ይባላል። ለግንቦት 16 ከእናቷ ጋር ዘጌ ተሻግራ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ልትሳለም አስባ ነበርና፣ ትቅር ወይ?

መልሱ ከሠላሳ አለፈ። ክሩ፣ ማለት ጥያቄው ከነመልሶቹ፣ ሁለት ጊዜ ያለቀ መስሎ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ሁሉንም አላወራም። የሚጠቅመውንና የሚያስቀውን ብቻ።

ቁጥር 1 እና 2 ጸሎት ናቸው። አንዱ በሰላም ይመልስልሽ ብሎ አለፈ። ሌላዋ ቅዱስ ጊዮርጊስን ጠራችለት። እንዲህ ያለ መልስ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል። ጥሩም ነው።

ቁጥር 3 በራሱ የተማመነ ሰው ነው። ትንበያውን አይቷል። ሳጋር የሚነፍሰው በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱ በአይሱዙ ከዚያ በላይ እየነዳ ክንዱን በመስኮት ያወጣል። ሃሪኬን የሚባለው ነፋሱ በሰዓት 119 ሲደርስ እንደሆነም አስረዳ። ስለዚህ ሹፌሩ ሳይፈራ ይግባ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ምክሩ ግን ሰው የሚያስገድል ምክር ነው። በዚያች ሌሊት ከሁሉ በላይ ላይክ ያገኘውም እሱ ነበር።

ቁጥር 4 ራሱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሴትዮዋን እህቴ እያለ ረጋ ብሎ ጻፈላት። ከነፋሱ ይልቅ ዝናቡን ፍሪ ነው ነገሩ። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ አያውቅም። መሬቱ ድንጋይና ደረቅ አፈር ነው፤ ውኃ ሲመጣበት አይጠጣም፣ ያሳልፈዋል እንጂ። ከተማው ውስጥ የሚያልፈው የአምቡሊ ሸለቆ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሲሞላ ግን ማንም አይመልሰውም። መንገዱ ላይም እንደዚያው ነው። ከጋላፊ እስከ ዲኪል፣ ከዲኪል እስከ ጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ እስከ ፒኬ 12፣ መንገዱ የሚያቋርጣቸው ደረቅ ወንዞች ብዙ ናቸው። ሹፌር ደግሞ ፀሐይ ሲያቃጥለው ግራር የሚፈልገው እዚያው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ነው። ጥላ ያለው እዚያ ስለሆነ። እዚያ ተኝቶ ውኃ የደረሰበት ባልደረባ አለው። ሰውየው ነፍሱን አወጣ፤ መኪናው ግን ቀረ።

ሁለት ምክር ጨመረ። አንዱ፣ ባዶ ተሳቢ ከተጫነው ይልቅ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ጎኑ ሰፊ ነው፣ ክብደት የለውም፤ የጎን ነፋስ ሲመታው ይገለበጣል። ቁጥር 3 የአይሱዙ መስኮት ትቶ ይህን ቢያስብ ይሻላል ብሎ በጨዋ ደንብ ወጋ አደረገው። ሁለተኛው፣ ከጠረፉ ወዲህ ከፍ ያለና ጠጠር ያለበት ቦታ ፈልጎ ይቁም። ወደብ ላይ ሳጋር እስኪያልፍ ክሬን ስለማይሠራ ቢገባም የሚጭነው ነገር አይኖርም።

ሴትዮዋ በቁጥር 5 አመስግና ሌላ ጥያቄ አነሣች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃ መምጣቱን በምን ያውቃል?

ቁጥር 6 ለኔ የክሩ ልብ ነው። ጸሐፊው ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው ነው። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የከተማው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ እዚያው ነበር። ብዙ ሰው እንቅልፍ ላይ ነው። ውኃው የወረደው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ደቻቱን ድሬዎች የሚያውቁት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው፤ ገበያም ይቆምበታል፣ መኪናም ያልፍበታል። በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እሱ ስለ ራሱ ቤት ብዙ አልጻፈም። የጻፈው ድምፁን ነው። ውኃ አልመሰላቸውም። ከባድ መኪና ጠጠር የሚገለብጥ ነበር የመሰላቸው። ለሴትዮዋም በአጭሩ መለሰላት። ባለቤትሽ ያለበትን ሰማይ አይይ፣ ተራራው ያለበትን ሰማይ ይይ። ከላይ በኩል ጠቁሮ ከታየው፣ ወይም ደረቁ ወንዝ ውስጥ ቀጭን ጭቃማ ውኃ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ዕቃ አንሥቼ ሳይል ይውጣ።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም። ቁጥር 3 እንኳ።

ቁጥር 7 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ አለ። የሚያጠናው ስለ ውኃና አየር ነው። መልሱ ረዘም ያለና ትንሽ የመማሪያ ክፍል ሽታ ያለው ነው፤ ግን ሥራ የያዘ ነው። እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ ዳርቻ ሲቀርብ ከነፋስ ሌላ ሦስት ነገር ያመጣል አለ። ዝናቡና ደራሽ ጎርፉ ከላይ ተነግሯል። ጎርፉን በተመለከተ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚሮጥ ውኃ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ስለዚህ ሹፌር ጎማው ትልቅ ነው ብሎ አይድፈር።

ሁለተኛው የባሕር ሙላት ነው። የአውሎ ነፋሱ መካከል የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ ባሕሩ በአንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ነፋሱ ውኃውን እየገፋ ዳርቻው ላይ የሚቆልለው ነው። በ1963 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው አውሎ ነፋስ ከ300,000 በላይ ሰው ሲጨርስ አብዛኛው የሞተው በዚህ ሙላት ነው። በቅርቡም ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቻፓላ የሚባለው የመን ሲገባ የሙካላን የባሕር ዳር መንገድ ማዕበል ሰባብሮታል።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን አውሎ ነፋስ የሚዞረው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ሳጋር ገና ከጅቡቲ በስተምሥራቅ እያለ ጅቡቲ ላይ የሚነፍሰው ከሰሜን ይሆናል። ማለት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ከተማው። ማዕበሉን ይዞ ማለት ነው። መርከቦች በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደብ ውስጥ ከመቆም ይልቅ ወደ ጥልቁ ባሕር መውጣት የሚመርጡት ግድግዳው ላይ እንዳይላተሙ ነው። ይህችን እኔም አላውቃትም ነበር። ወደብ መጠጊያ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው።

ቁጥር 8 ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ዞረ። ጣና አይደርስም፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ እዚያ አውሎ ነፋስ አይፈጠርም አለ። ቁጥር 9 መደምደሚያውን ተቀበለ፤ ምክንያቱን ግን ጣለው። ጣና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤም ከዚያው ብዙ አይርቅም። የምድር ወገቡ ነገር የሚሠራው እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። እውነተኛው ምክንያት ነዳጅ ነው። እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ የሚኖረው በሞቀ ባሕር ነው። የውኃው ሙቀት ከ26 ዲግሪ በላይ፣ ሙቀቱም ወደ 50 ሜትር ጥልቀት የወረደ መሆን አለበት። የብስ ላይ ሲወጣ ነዳጁ እንዳለቀበት መኪና እየተንከላወሰ ይቆማል። ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ እስከ ጣና በቀጥታ ቢለካ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሐል ላይ የአፋር በረሃ፣ ከዚያ የወሎ ተራራ አለ። ጣና ራሱስ እንዳይወልድ? ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ቢሆን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ የተቀመጠ ነው፤ ስፋቱም ለእንዲህ ያለ ነገር ኩሬ ነው።

ቁጥር 10 የባጃጁን ሹፌር ማን እንደነገረው ጠየቀ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ተከትሎ ባጃጅ ውስጥ የሰማውን ወሬ ደረደረ። አንዱ ባጃጅ ውስጥ የአገር መሪ ሲሾም ሰምቷል። ይህን ልለፈው።

ቁጥር 12 ላይ ነፋሱ ተለወጠ። የጻፈው የጣና ጀልባ ነጂ ነው። ሰላምታ የለም። ጅቡቲን በዲግሪ የምትለኩ ሰዎች ጣና ላይ ስትወጡ ምነው መለኪያችሁ ጠፋ ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ የጠየቀችው ወደ ዘጌ መሻገርን ነው። ሳጋር አይመጣም ተብሏል፣ ደግ። ታዲያ ግንቦት ላይ የጣና ነፋስ መቼ ሳጋርን ጠበቀ?

ከዚያ የሚያውቀውን ዘረገፈው። ጠዋት ሐይቁ ዝም ያለ ነው። ተሳላሚው ይሄን አይቶ ይወጣል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን ከሐይቁ መሐል ወደ ከተማው የሚነፍሰው ይበረታል። ሰሜን በኩል እስከ ጎርጎራ ድረስ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ስለዚህ ሞገዱ አጭርና የተደራረበ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሁለተኛው ይደርሳል። ከዘጌ ሲመለሱ ጀልባዋን በጎኗ ነው የሚመታት። ጎኗን የተመታች ጀልባ ውስጥ ሰው ይደነግጣል፣ ይነሣል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። የሚገለብጣት እሱ ነው።

የበዓል ቀን ጭነት ይበዛል። አስር ሰው የሚችለው ላይ ሃያ ይሳፈራል። ላይፍ ጃኬቱ ወይ የለም፣ ወይ ወንበር ሥር በገመድ ታስሮ ነው። ግንቦት ደግሞ የክረምት መግቢያ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው በአንዴ ይጠቁራል። መጀመሪያ ነፋሱ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ አላዋቂ ደስ ይለዋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ነፋስ በድንገት ይወርዳል፣ መብረቅ ይከተላል። ሐይቅ ላይ ከሰው የሚበልጥ ረጅም ነገር የለም። ስለዚህ እናትሽን ይዘሽ በጠዋት ሂጂ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ተመለሺ፤ ካልሆነ ባሕሩን ትተሽ በመኪና መንገድ ዙሪ። ምክሩ እዚህ ላይ አበቃ።

ለኔ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም መልስ በክሩ ውስጥ የለም። አጻጻፉ ግን ብዙ ሰው አስቀየመ። ቁጥር 13 አስጎብኚ ነው። እንጀራችንን አትዝጋ፣ ይህን ፈረንጅ አስተርጉሞ ቢያነበው ማን ይመጣል አለው። ጀልባዎቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለትም ስም ማጥፋት ነው። ቁጥር 14 ላይ ጀልባ ነጂው መለሰ። ስም አልጠራሁም፤ የራሱ ጀልባ መስሎ የተሰማው ሰው ካለ ላይፍ ጃኬቱን ይግዛ። ቁጥር 15 ስድብ ነበር። አድሚኑ አጠፋው፤ ያየነው ግን አይተነዋል።

ነገሩን ያበረዱት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም አያ ይሏቸዋል። በቁጥር 16 ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጠሯቸው። እሳቸው ያደጉት በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ እንደ ጀልባ ውኃ ገብቶባት አትሰጥምም፤ ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋል። ግን ውኃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፤ ማታ ማታ ካልደረቀች ዕድሜ የላትም። ድሮ ታንከኛ ከሰዓት በኋላ ጠቆር ያለ ደመና ካየ ደንገሉ ውስጥ ተጠግቶ ይጠብቃል፤ ማንም ፈሪ አይለውም አሉ። ጀልባ ሞተር ሲገጠምላት ሰው ከአደጋ የጠበቀው ነገር ትዕግሥት መሆኑን ረሳ ብለው አለፉ። ቁጥር 17 ታንኳ ባትሰጥምም ትገለበጣለች፣ ምነው አትሰጥምም ብቻ ትላላችሁ ብሎ ሊከራከራቸው ሞከረ። እሳቸው መልስ አልሰጡትም።

ቁጥር 18 ከጣና ምሥራቅ፣ ከፎገራ ነው። የድሬዳዋውን ሰው ቁጥር 6ን ጠቅሶ ጀመረ። ያ 1998 ዓ.ም. ለእኛም ክፉ ዓመት ነበር አለ። ድሬዳዋ ከተመታች በኋላ፣ በዚያው ክረምት፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ሸፈኑት። የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደንቢያ ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ኮረብታ ወጣ። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ደቻቱ በአንድ ሌሊት መጥቶ ሄደ። ፎገራ ላይ ውኃው ቀስ ብሎ መጥቶ አልሄድም አለ። ወንዞቹ ደለል ተሸክመው ወለላቸው ከፍ ብሏል፤ ሐይቁም ሲሞላ አይቀበላቸውም፤ ውኃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ሰው በመስጠም ብቻ አይጎዳም። እህሉ ይበሰብሳል፣ ከብቱ ሣር ያጣል፣ የሚጠጣው ውኃ ይበላሻል፣ ከዚያ ወባና ተቅማጥ ይከተላል። አውሎ ነፋስ ጅቡቲን ሲመታም ከሳምንት በኋላ የሚመጣውን አስቡ አለ። ይህን ከሱ በፊት ማንም አላነሣውም ነበር።

ቁጥር 19 ጥፋቱን ሁሉ ጨረጨራ ላይ ባለው የዓባይ መውጫ በር ላይ ደፈደፈው። በሩ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ ከፍ ብሎ ይቆያል ነው ክሱ። ተማሪው ተመልሶ ሐይቁ በተፈጥሮውም መስከረም ገደማ እንደሚሞላ፣ ሰኔ ገደማ እንደሚጎድል አስረዳ። ሜዳው ከበሩ በፊትም ይጥለቀለቅ ነበር። የደለሉ ነገር ይበልጣል አለ። የፎገራው ሰው ግን በሁለቱም አልተስማማም። ዳገቱ ላይ የሚታረሰው መሬት ካልተነሣ ውይይቱ ባዶ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ጭቅጭቁ ግን ሩቅ ሄደ።

ከዚያማ እምቦጭ የሚባለው የሐይቁ አረም መጣ። ጣና ተነሥቶ እምቦጭ ሳይነሣ አይቀርም። ነፋሱ እምቦጩን ገፍቶ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ ወደ ደንቢያና ፎገራ እንደሚሰበስበው አንዱ ጻፈ። ሌላው በእጅ ለመንቀል ሄዶ አልቅት ይዞ መመለሱን ተረከ። ሌላዋ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ በዚህ ዓመት ለምን እንደተወደደ ጠየቀች። አምባዛ ብይ ተባለች። ሴትዮዋ ባሏን ጋላፊ ላይ ትታ ይህን ሁሉ ስታነብ ምን ተሰምቷት ይሆን?

ግንቦት 10 ሌሊት ራሷ መጣች። ቁጥር 23 ናት። ባለቤቷ ደውሏል። ጋላፊ ላይ መኪናው ተሰልፏል። እሱ የቁጥር 4ን ምክር በስልክ ስታነብለት ሰምቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሟል። ግን ባለንብረቱ እየደወለ ግባ ይለዋል። የቆመበት ቀን ከአበሉ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ክሩ እንደገና ሞቀ። ቁጥር 24 ባለንብረቱም ዕዳ አለበት፣ ባንክ አውሎ ነፋስ አያውቅም አለ። ቁጥር 25 ተናደደ። ባለንብረቱ እንግዲያው መጥቶ ራሱ ይንዳው። ቁጥር 4 መሐል ገብቶ የሹፌር ብልሃት ነገራት። መንገድ ተዘግቷል የሚል የጠረፍ ፖሊስ ቃል ካገኘ ባለንብረቱ አፍ የለውም። ቃሉን በስልክ ራሱ ባለንብረቱ ይስማው። ይህን የሚያውቅ ሰው ለካ መድረክ ላይ ቢኖር ይጠቅማል።

ሳጋር ግንቦት 11 ቀን ሶማሌላንድ ውስጥ ሉግሃያ አካባቢ የብስ ነካ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ሁሉ ወደ ምዕራብ ርቆ የብስ የነካ እሱ መሆኑን ተማሪው በቁጥር 27 አስፍሯል። ጅቡቲ በዓመት ታገኘዋለች ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወረደባት፤ ሰፈሮች ተጥለቀለቁ። በሶማሌላንድ፣ በአውዳል በኩል ብዙ ሰው ሞተ። ፍየሉና በጉ በብርዱና በጎርፉ አለቀ። ነፋሱ ግን የተባለውን ያህል ነበር፤ ከዚያ አልበለጠም።

ቁጥር 3 ይህን ይዞ ብቅ አለ። ነፋሱ ቀላል ነው አላልኳችሁም? ልክ ነው፣ ብሎ ነበር። የድሬዳዋው ሰው አንዲት መስመር ጻፈለት። ደቻቱም ነፋስ አልነበረውም። ቁጥር 3 ከዚያ በኋላ በዚህ ክር ላይ አልታየም።

ሴትዮዋም ባለቤቷ ደህና መሆኑን፣ መንገዱ ሲከፈት ገብቶ መጫኑን ነግራ ሁሉንም አመሰገነች። ጀልባ ነጂውን ለይታ ወንድሜ አለችው። ዘጌ መሻገሯን አልተናገረችም።

ክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ራያ ቆቦ ላይ አንበጣ ማሽላውንና ጤፉን ሲያወድም አንድ የወሎ ልጅ ፈልጎ አገኘውና ቀሰቀሰው። ቁጥር 30 ነው። ሳጋር በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ መኩኑ የሚባል ከሱ እጅግ የበረታ አውሎ ነፋስ ኦማን ሳላላ ላይ ወጥቶ ነበር። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የሚባል ሌላ አውሎ ነፋስ ተከተለው። ሁለቱ በዓረብ ምድር ሰው የማይኖርበት ትልቅ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። በአሸዋው መሐል ሐይቅ ተኛ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ሲፈለፈል ሣር ይፈልጋል። ሁለቱንም አገኘ። ማንም ሳያየው ተባዛ፣ የመን ገባ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ በ2011 ክረምት ወደኛ መጣ። ኅዳር 2012 መጨረሻ ላይ ፓዋን የሚባል አውሎ ነፋስ ሶማሊያን ሲመታ እንደገና እርጥብ መሬት ሰጠው። ልጁ ይህን ሁሉ የጻፈው የአባቱ ማሳ ባዶ በቀረበት ሳምንት ነው። ቁጣው ከቃላቱ ሥር ይሰማል።

ተማሪው፣ አሁን ተመርቋል፣ በቁጥር 31 ሐሳቡን አጸደቀለት፤ አንድ ነገር ብቻ አከለ። ዝናቡ ብቻውን እዚህ አያደርሰውም ነበር። የመን ውስጥ ጦርነት ስለነበረ በጊዜው የሚረጭ አልተገኘም። ቁጥር 32 እንግዲያው የባጃጁ ሹፌር ልክ ነበር አለ። አውሎ ነፋሱ አገራችን ደርሷል፣ በክንፍ መጣ እንጂ። ሳቅኩ። የወሎው ልጅ የሳቀ አይመስለኝም።

ለሁለተኛ ጊዜ የተነሣው ኅዳር 2013 ላይ ነው። ቁጥር 33 ጋቲ የሚባለው አውሎ ነፋስ ኅዳር 13 ቀን ሶማሊያ ሐፉን አካባቢ መውጣቱን ጻፈ። ሶማሊያን ከመቱት ከተመዘገቡት ሁሉ ኃይለኛው እሱ ነው። ደካማ ከነበረበት ተነሥቶ እዚያ የደረሰው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማታ የነፋሱን ቁጥር አይቶ ይህ ምን አላት ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ሌላ ነገር ያገኛል። ጥሩ ነጥብ ነበር፤ ግን የተከራከረው ሰው የለም። በዚያ ኅዳር የአገሩ ሰው ጭንቀት ሌላ ነበር።

ቁጥር 34 አዲስ አባል ነው። ከላይ ያለውን አንብቦ ይሁን ሳያነብ አላውቅም፤ ለጎርጎራ ጉዞ ላይፍ ጃኬት ያለው ጀልባ ማን እንዳለው ጠየቀ። ጀልባ ነጂው በቁጥር 35 እኔ አለኝ፣ የሚወጣውም ከንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው አለው። አስጎብኚው ቁጥር 13 በቁጥር 36 ዋጋውን ጠየቀ። ለራሱ እንግዶች ፈልጎ ነው። ስልክ ቁጥር መለዋወጥ ሲጀምሩ አድሚኑ ቁጥሮቹን አጥፍቶ ክሩን ቆለፈው።